ሊኑክስ በቆዩ ላፕቶፖች ላይ፦ ከመጫን በፊት ሊደረግ የሚገባው ፍተሻ

ኮምፒዩተር ትምህርት ቤቶች ካሏቸው ውድ የትምህርት መሣሪያዎች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያቆመ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የቆዩ ላፕቶፖች ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን የፕሮሰሰርና የጥበቃ ቺፕ መስፈርት አያሟሉም። ከዚህ የተነሣ አካላቸው ያልተበላሸ መሣሪያዎች ከአገልግሎት ሊወገዱ ይችላሉ። ከውሳኔው በፊት ሊመረመር የሚገባው አንድ አማራጭ ሊኑክስ ነው።

የችግሩ ምንጭ

ሊኑክስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ በነሐሴ 1983 ዓ.ም. ለሕዝብ ያስተዋወቀው የሥርዓተ ክወና እምብርት፣ ማለትም ከርነል ነው። ኡቡንቱ፣ ዴቢያንና ሊኑክስ ሚንት በዚሁ ላይ ተገንብተው ያለ ክፍያ ይታደላሉ።

እምብርቱ የላፕቶፑን ልዩ ልዩ አካላት የሚያዝዘው ድራይቨር በሚባሉ ፕሮግራሞች አማካይነት ነው። አብዛኞቹ ድራይቨሮች ከሊኑክስ ጋር አብረው ስለሚመጡ ብዙ አካላት ወዲያውኑ ይሠራሉ። ነገር ግን አንዳንድ ቺፖች፣ በተለይም የዋይፋይ ቺፖች፣ ከድራይቨሩ ሌላ በራሳቸው ውስጥ የሚጫን ፈርምዌር የተባለ ፋይል ይፈልጋሉ። የዚህ ፋይል ባለቤት የቺፑ አምራች በመሆኑ፣ ዴቢያን እስከ ሰኔ 2015 ዓ.ም. ድረስ ከዋናው የመጫኛ ቅጂ ለይቶት ይኖር ነበር፤ ከ12ኛው እትም ጀምሮ ግን አካትቶታል። ስለዚህ ዋይፋይ አልሠራም ማለት ሁልጊዜ መሣሪያው ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ የጎደለው አንድ ፋይል ብቻ ሊሆን ይችላል።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በአንዳንድ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ለሕፃናት የታደሉት ኤክስኦ የተባሉ ትንንሽ ላፕቶፖችም የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር። በእነዚያ ላይ መሣሪያውና ሶፍትዌሩ አንድ ላይ ታቅደው ስለተሠሩ አካላቱን የማስማማቱ ሥራ አስቀድሞ ተጠናቋል። ለዊንዶውስ ተብሎ በተገዛ ላፕቶፕ ላይ ግን ይህ ፍተሻ የተጠቃሚው ድርሻ ይሆናል።

የፍተሻው ቅደም ተከተል

1ኛ/ ሊኑክስ በፍላሽ ላይ ይዘጋጃል፤ ላፕቶፑም ከፍላሹ እንዲነሣ ይደረጋል። የመጫን ትእዛዝ እስካልተሰጠ ድረስ በዲስኩ ላይ ያለው ሥራ አይነካም። የሜሞሪው መጠን 4 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኤክስኤፍሲኢን የመሰለ ቀላል ገጽታ ያለው ቅጂ ይመረጣል።

2ኛ/ ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ካሜራ፣ የመዳሰሻ ሰሌዳ፣ የስክሪን ብርሃን፣ የፕሮጀክተር ግንኙነትና የአማርኛ አጻጻፍ በየተራ ይፈተሻሉ። ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ላፕቶፑ ከእንቅልፉ በትክክል መንቃቱም ይታያል፤ ብዙ ጊዜ ሳይፈተሽ የሚታለፈው ይህ ነው።

3ኛ/ ዋይፋይ ካልሠራ፣ የቺፑ ዓይነትና የተያያዘው ድራይቨር «ኤልኤስፒሲአይ» በተባለው ትእዛዝ ይታወቃል። በኔትዎርክ ገመድ ወይም በዩኤስቢ በተያያዘ የእጅ ስልክ አማካይነት ኢንተርኔት ከተገኘ በኋላ የጎደለው ፈርምዌር ወይም ድራይቨር ይጫናል።

4ኛ/ ውጤቱ በየሞዴሉ ይመዘገባል። አስፈላጊ ፋይሎች በሌላ ቦታ ከተገለበጡ በኋላ ብቻ ወደ መጫን ይታለፋል።

ለዕቅድ አውጪዎች

ብዙ ላፕቶፖችን ከመቀየር በፊት ከእያንዳንዱ ሞዴል አንዱን በክፍል ውስጥ እየተጠቀሙ መሞከር ይገባል። ሆኖም አንድ የሞዴል ስም ያላቸው ላፕቶፖች የተለያየ የዋይፋይ ካርድ ሊኖራቸው ስለሚችል የአንዱ ውጤት ለሁሉም ማረጋገጫ ተደርጎ አይወሰድም። ትምህርት ቤቱ የግድ የሚያስፈልገው ፕሮግራም በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ከሆነም ሊኑክስ መፍትሔ ላይሆን ይችላል።

በጠቅላላው፣ የአንድ ላፕቶፕ ዕጣ ሊወሰን የሚገባው በዕድሜው ሳይሆን በፍተሻው ውጤት ነው። ለፍተሻው የሚጠፋው ጥቂት ሰዓት፣ ተማሪዎች ገና ሊገለገሉበት የሚችሉት መሣሪያ ያለ አግባብ ከመወገድ እንዲድን ያስችላል።