መሐንዲስና ጽሕፈት

የመሐንዲስ ሥራ ከቁጥር፣ ከንድፍና ከመሣሪያ ጋር ብቻ የተያያዘ እንደ ሆነ ብዙዎች ያስባሉ። ነገር ግን መሐንዲስ በዐይኑ ያየው፣ በመሣሪያ የለካውና በስሌት የደረሰበት ነገር ለሌላው ሰው የሚደርሰው በአብዛኛው በጽሑፍ ነው። ገንዘብ የሚፈቅደው ኀላፊ፣ ግንባታውን የሚያካሂደው ተቋራጭ፣ ሕንፃውን የሚቆጣጠረው ሹም ሁሉ መሐንዲሱ በቆመበት ስፍራ አልቆሙም። የሚያውቁት እርሱ የጻፈላቸውን ያህል ነው። ስለዚህ ዘገባን፣ ደብዳቤን፣ ቃለ ጉባኤንና የውል ሰነድን አጣርቶ መጻፍ የሙያው አንድ ክፍል እንጂ ትርፍ ሥራ አይደለም።

ለዚህ የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ ጥሩ ማስረጃ ናት። ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1899 የምድር ባቡር ሠራተኞች የሰፈሩባት ጣቢያ ነበረች። ከዚያ ወዲህ እጅግ ሰፍታ የብዙ ሕዝብ መኖሪያ ሆናለች። በኬንያ የመሐንዲሶችን ምዝገባ የሚመለከተው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ መሐንዲሶችን የሚመዘግበውም በዚሁ ሕግ የተቋቋመው ቦርድ ነው። ይሁን እንጂ በዚህች ከተማ ከሕግና ከደንብ ውጭ የተሠሩ ቤቶች ብዙ ጊዜ አደጋ አድርሰዋል።

እ.ኤ.አ. አፕሪል 29 ቀን 2016 ከባድ ዝናብ በጣለበት ምሽት፣ ሁሩማ በተባለው ሰፈር አንድ የመኖሪያ ፎቅ ተደረመሰ። ከ50 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ሕንፃው ለኑሮ እንደማያመችና መፍረስ እንዳለበት አስቀድሞ ተወስኖ፣ ምልክትም ተደርጎበት ነበር፤ ዳሩ ግን ተከራዮቹ ከውስጡ አልወጡም ነበር። ለዚህ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ድኽነትና የቤት እጥረት ሰዎችን በአደገኛ ቤት ያኖራሉ። ሆኖም ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ አደጋ መኖሩን ማመልከት ብቻውን አይበቃም። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ ተጽፎ ለሚመለከተው ሁሉ ካልደረሰ፣ ማስጠንቀቂያው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።

ይህን ለመረዳት ሁለት ዐረፍተ ነገሮችን እናነጻጽር። አንድ መሐንዲስ፣ «በሕንፃው ላይ አንዳንድ ችግሮች ስለታዩ ተገቢው ክትትል ቢደረግ መልካም ነው» ብሎ ይጽፋል እንበል። ችግሩ ምንድን ነው? የታየው የት ነው? የሚከታተለውስ ማን ነው? አንባቢው ከዚህ ምንም ሊያውቅ አይችልም። ሌላው መሐንዲስ ግን፣ «በምድር ቤቱ የሚገኙ ሁለት ዓምዶች ተሰንጥቀዋል፤ የስንጥቁ ስፋት 4 ሚሊ ሜትር ነው። ሕንፃው ሊፈርስ ስለሚችል ነዋሪዎቹ ዛሬውኑ እንዲወጡ የሕንፃው ባለቤት ያድርግ» ብሎ ይጽፋል። ይኸኛው አጭር ቢሆንም አንዳች አላጎደለም። የታየውን ነገር፣ ቦታውን፣ ልኩን፣ የሚያስከትለውን ጉዳትና መወሰድ ያለበትን እርምጃ በተራ አስቀምጧል።

ግልጽ ጽሑፍ አደጋን ሁልጊዜ ያስቀራል ማለት ግን አይደለም። በአሜሪካ ሮጀር ቦዥሊ የተባለ መሐንዲስ የጠፈር መንኰራኩር ሮኬት መገጣጠሚያ ማሸጊያው የሚያሠጋ መሆኑን ተመልክቶ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 1985 ለድርጅቱ ኀላፊ የውስጥ ማስታወሻ ጻፈ። ችግሩ ካልተፈታ የሰው ሕይወት እንደሚጠፋ ሳይሸፋፍን ገለጠ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር በአየር ላይ ተሰባብራ ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ። ማስታወሻው አደጋውን ባያስቀርም፣ በኋላ ጉዳዩ ሲመረመር እውነቱ እንዲታወቅ ረድቷል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለዚህ ነው።

በተለያዩ አገሮች ያሉ መሐንዲሶች አብረው ሲሠሩ ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በናይሮቢ ሰሜን ምዕራብ እስከምትገኘው ሱስዋ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመር ርዝመቱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ የተሠራው ለ500 ኪሎ ቮልት ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ በዚህ መስመር ወደ ኬንያ መተላለፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። እንዲህ ባለው ሥራ ቀንና ሰዓት በደብዳቤ ሲገለጥ የትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ መነገር አለበት። የኢትዮጵያ ዘመን ከአውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይዘገያል። የጧቱን ሁለት ሰዓት የእንግሊዝኛው አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ይለዋል። በስዋሂሊ ቋንቋ የሚነጋገር የናይሮቢ ሰው ግን እንደ ኢትዮጵያዊው ሁለት ሰዓት ይላል፤ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ደግሞ ስምንት ይላል። ኤሌክትሪኩ የሚቋረጥበት ሰዓት በስሕተት ከተነበበ፣ ኀይል ባለው ሽቦ ላይ ሠራተኛ ሊወጣ ይችላል።

እንግዲህ ጥሩ የሥራ ጽሑፍ ለመጻፍ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባዋል። አስቀድሞ አንባቢው ማን እንደ ሆነና ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ ይወስን። ዋናውን ነገር በመጀመሪያው አንቀጽ ያስቀምጥ፤ ምክንያቱንና ዝርዝሩን ከዚያ ያስከትል። ቁጥርን ያለ መለኪያው አይጻፍ። «በቅርቡ»፣ «በርከት ያለ»፣ «እንደ ተለመደው» በሚሉ ቃላት ፈንታ ቀኑን፣ ብዛቱንና አሠራሩን ይግለጥ። «ይደረግ» ብሎ ከመተው የሚያደርገውን ሰው ይሰይም። በመጨረሻም ጽሑፉን ለሥራው እንግዳ ለሆነ ባልደረባ ሰጥቶ ያስነብብ። ያ ሰው ምን መሥራት እንዳለበት ሳይጠይቅ ከተረዳ ጽሑፉ ተሳክቷል፤ ካልተረዳ ግን እንደገና መጻፍ አለበት።