ከቤት የሚወጣው ማን ነው?

የወንጀል ሕጋችን ሚስቱን የሚመታ ባል ይቀጣል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚደርስ ጥቃት እንደ ሌላው የአካል ጉዳት ሁሉ እንዲያስቀጣ ደንግጓል። (አስገድዶ መድፈርን በሚመለከት ግን አንቀጽ 620 የሚቀጣው ከጋብቻ ውጪ የሆነውን ብቻ ነው።) ጭንቁ ያለው ፍርዱ እስኪመጣ ባሉት ሌሊቶች ነው።

ሴትየዋ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ትሰጣለች። ወደ ሐኪም ቤት ደብዳቤ ይጻፍላታል፤ የሕክምና ማስረጃውን ይዛ ትመለሳለች። ይህም የሚሆነው መርማሪው «የባልና ሚስት ነገር ነው፤ ሽማግሌ ይግባበት» ብሎ ካልሸኛት ነው። ሰውየው ቢያዝ እንኳ በዋስ ይለቀቃል። ወዴት ይሄዳል? ወደዚያው ቤት። የቀበሌ ቤቱ ውል በስሙ ነው፤ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ነው።

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ኬንያ በ2015 ይህን ክፍተት የሚደፍን ሕግ አውጥተዋል። ተበዳይዋ ካመለከተች ፍርድ ቤቱ ሰውየው እንዳይደርስባት፣ ካስፈለገም ቤቱን እንዲለቅ ያዛል፤ የወንጀል ክሱ እስኪያልቅ አይጠበቅም። እኛ ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ የለንም።

ለዚህ የሚቀርብ ነገር የሚገኘው በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 82 ነው። የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆችና ስለ ንብረት ወዲያው ትእዛዝ ይሰጣል፤ የልጆቹን ጥቅም አይቶም ከሁለቱ አንዱን ከመኖሪያው ሊያስወጣ ይችላል። መልካም ነው፤ በሩ ግን ፍቺ ነው። ዱላው እንጂ ትዳሩ እንዲቀር ያልፈለገች ሴት በዚህ በር አትገባም። ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩትም እንዲሁ። ደግሞም ያው አንቀጽ ዳኛው እንዲያስማማቸው፣ ወደ ሽማግሌ እንዲመራቸው፣ ካልሆነም ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ እንዲሰጣቸው ይፈቅዳል። ለተኳረፉ ሰዎች ይበጅ ይሆናል። የምትደበደበው ግን ሦስቱን ወር የት ትደር?

መልሱ ብዙ ጊዜ መጠለያ ነው። የቀድሞዋ ዳኛ ማሪያ ሙኒር የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ማደሪያ፣ ሕክምና፣ ምክርና የሙያ ሥልጠና ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያለ ክፍያ ጠበቃ ይሆናል። ስንቱን ሕይወት እንዳተረፉ አያከራክርም። ነገር ግን መጠለያዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በአብዛኛው ከተማ ውስጥ ነው። የገባችባቸው ሴት ሥራዋን፣ የልጆቿን ትምህርት ቤት፣ እድሯንና ጎረቤቷን ጥላ ነው የምትወጣው። በዳዩ በቤቱ፣ ተበዳይዋ በስደት!

እናት ጭምር «ቻይው፣ ገበናሽን አታውጪ» ማለቷ ነገሩን ያከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡ ሴቶች 34 በመቶው ከባል ወይም ከጓደኛ አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። ባል ሚስቱን ለመምታት በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ያሉት ወንዶች 28፣ ሴቶቹ ግን 63 በመቶ ነበሩ።

አዲስ አዋጅ ሳይጠበቅ ሊሠራ የሚችልም አለ። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 67 ተጠርጣሪው ቢለቀቅ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ተብሎ ሲገመት ዋስትና እንዲከለከል ይፈቅዳል። «ሰውየው የሚመለሰው እሷ ወዳለችበት ቤት ነው» ማለት ያለበት ፖሊሱ ወይም ዓቃቤ ሕጉ ነው። እሷማ በዋስትናው ክርክር ወገን አይደለችም።