ከሲጋራ መላቀቅ፦ ከባዶቹ ሦስት ቀናት እንዴት ይታለፋሉ?

(በሬዲዮ ከቀረበ ዝግጅት የተወሰደ)

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! ሲጋራ ጤናንም ገንዘብንም እንደሚያጠፋ፣ ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት እንዳንጥልም እንደተከለከልን ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። የብዙ አጫሾች ችግር ግን ይህን አለማወቅ አይደለም። ለማቆም ይነይታሉ፤ አንድ ቀን ይታገሳሉ፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይመለሳሉ። ከዚያም «እኔ ኢማን የለኝም» ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ። ስለዚህ ዛሬ በእነዚያ ቀናት ሰውነት ምን እንደሚሆንና እንዴት እንደሚታለፉ እንመለከታለን።

ሰውነት ምን ይሆናል?

በትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን ጭሱ ከተሳበ በ10 እና በ20 ሴኮንድ መካከል አንጎል ይደርሳል። እዚያም የደስታ ስሜት የሚሰጠውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ያስለቅቃል። አንጎል ይህን ከለመደ በኋላ ኒኮቲኑ ሲቀርበት ይረበሻል። በደም ውስጥ ያለው ኒኮቲን በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ያቆመ ሰው ገና በመጀመሪያው ቀን ይነጫነጫል፣ ይቁነጠነጣል፣ ይጨነቃል፤ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል፣ የምግብ ፍላጎቱም ይጨምራል።

ስሜቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው። ከዚያ እየቀለለ ሄዶ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። በሦስተኛው ቀን የተመለሰ ሰው እንግዲህ የተመለሰው ከዳገቱ አናት ላይ ደርሶ፣ ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል ነው።

ከረመዷን የምንማረው

ጾመኛ አጫሽ ከፈጅር እስከ መግሪብ ወደ 13 ሰዓት ያህል ሳያጨስ ይውላል። «ያለ ሲጋራ መዋል አልችልም» የሚለው ሰው በየዓመቱ አንድ ወር ሙሉ ይችላል ማለት ነው። ነገር ግን አፍጥሮ ሲጋራውን ሲለኩስ፣ ከሰውነቱ ሊወጣ የነበረውን ኒኮቲን መልሶ ያስገባል። በማግስቱ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። የማቆምን ስቃይ ወሩን ሙሉ እየቀመሰ፣ ስቃዩ ወደሚቀልበት ቀን ግን አይደርስም። በረመዷን ለማቆም የነየተ ሰው ዋናው ፈተናው ቀኑ ሳይሆን ከኢፍጣር በኋላ ያለው ሰዓት መሆኑን ይወቅ። ያንን ሰዓት ከማያጨሱ ሰዎች ጋር በቤቱና በመስጂድ ያሳልፍ።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ የማቆሚያ ቀን ወስኖ ሲጋራውን፣ ላይተሩንና መተርኮሻውን ከቤት ማውጣት።

ሁለተኛ፦ አንድ ጊዜ የመጣ ሐራራ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ያልፋል። ይህ ደግሞ ውዱእ አድርጎ ሁለት ረከዓ ለመስገድ የሚበቃ ጊዜ ነው። በትዕግስትና በሶላት እንድንታገዝ መታዘዛችንን እናስታውስ። የሶላት ጊዜ ካልሆነ ዚክር ማድረግ፣ ውሃ መጠጣት፣ ወጣ ብሎ መራመድ፣ እጅና አፍን በሲዋክ ማስያዝ ይረዳል።

ሦስተኛ፦ ቡና መቀነስ። ማጨስ ሰውነት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ሲጋራ ሲቆም የተለመደው ቡና በደም ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይና መቁነጥነጡንና የእንቅልፍ እጦቱን ያብሳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይል የነበረ ሰው ለጊዜው በአቦል ይብቃው።

አራተኛ፦ ሲጋራ የሚያስታውሱትን የጫት መቀማመጫዎች መራቅ። ሺሻም ትምባሆ ስለሆነ ምትክ አይሆንም።

አምስተኛ፦ ሐኪም ማማከር። የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ በ2009 እ.ኤ.አ. ገብተዋል። ማስቲካው በጾም ሰዓት አይታኘክም። በሕክምና መታገዝ የኢማን ድክመት አይደለም። በተለይ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስድ ወይም ከባድ የመንፈስ ጭንቀት የተሰማው ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይቆይ።

ለቤተሰብ

እህቶቻችን ሆይ! አባወራው በሦስተኛው ቀን በትንሹም በትልቁም ሊቆጣ ይችላል። በዚህን ጊዜ «አጭሰህ ብትገላግለን ይሻላል» የሚል ቃል ከአንደበታችሁ አይውጣ፤ ያ ቃል የሦስት ቀን ልፋቱን ያፈርሳል። ልጆቹን ለጥቂት ቀናት ሰብሰብ አድርጉለት፤ ዱዓ አድርጉለት። እሱም «ሲጋራ ስላቆምኩ ነው እንጂ በእናንተ አይደለም» ብሎ አስቀድሞ ይንገራቸው። ሐራራው ቤተሰቡን ለማስቀየም ፈቃድ አይሆነውም።

ተሳስቶ አንድ ሲጋራ ያጨሰ ሰውም ፓኮውን ይጨርስ ማለት አይደለም። የተውበት በር ክፍት ነውና በዚያው ሰዓት ይመለስ። አንድ ዓመት ከዘለቀ የልብ ሕመም ስጋቱ ማጨሱን ከቀጠለ ሰው ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ይወርዳል።

አላህ የጀመሩትን ያጽናልን፤ ለመጀመር ላሰቡትም ያግራላቸው። አሚን።