ልብ ወለድ የወለደው በዓል

የአኒሜ ፊልም ታሪክ የተቀመጠባቸውን ስፍራዎች እየተከተሉ መጓዝ በጃፓንኛ «ሴይቺ ጁንሬይ» ይባላል፤ ቅዱስ ስፍራን መሳለም ማለት ነው። ከሃይማኖት የተወሰደው ይህ አጠራር ለፊልም ወዳጆች ይገባልን? የዩዋኩን ነገር ልንገራችሁ።

ዩዋኩ በካናዛዋ ከተማ ዳርቻ፣ በተራሮች መካከል ያለች የፍል ውኃ መንደር ናት። በ2011 እ.ኤ.አ. የታየው «ሃናሳኩ ኢሮሃ» የተባለው ተከታታይ አኒሜ እርስዋን አርአያ አድርጎ ምናባዊ መንደር ሣለ፤ ከቶ ያልነበረ በዓልም ፈጠረላት። በታሪኩ አንዲት ሕፃን አምላክ ወደ ኢዙሞ ስትጓዝ መንገዷ እንዳይጠፋባት ሰዎች «ቦንቦሪ» የተባሉ ፋኖሶችን ያበሩላታል። በዚያው ዓመት፣ በኦክቶበር ወር፣ መንደሪቱ በዓሉን በእውን አከበረችው፤ እነሆ ሥር ሰድዷል። እንግዶች ምኞታቸውን ጽፈው ይሰቅላሉ፤ የተጻፈውም በፍጻሜው ለእሳት ይሰጣል።

አንዳንዶች የንግድ ብልሃት ነው ይላሉ። ገበያ መኖሩን አልክድም፤ ነገር ግን ነባር የምንላቸው በዓላትስ የተጀመሩበት ቀን አልነበራቸውምን? እኔ የምመዝነው በመነሻው ሳይሆን በየዓመቱ ፋኖሱን የሚሰቅል እጅ በመኖሩ ነው፤ ወጣቱ እየተለየው ለሚያረጀው የጃፓን ገጠር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህም በአውቶቡስ ደርሶ፣ ከፊልሙ ጋር የሚመሳሰል ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚመለስ መንገደኛ መንደሪቱን ቢያይም፣ ተሳላሚ ለመባል ግን ኦክቶበርን መጠበቅ ይኖርበታል።