ኦስካርን ማን ይወስዳል? ከትንበያው ጀርባ ያለው ሂሳብ

በፌብሯሪ 2020 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተካሄደው የኦስካር ሥነ ሥርዓት የምሽቱ የመጨረሻ ፖስታ ሲከፈት፣ የደቡብ ኮሪያው «ፓራሳይት» ምርጥ ፊልም ተብሎ ተጠራ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት በነበሩት 91 ሽልማቶች ከእንግሊዝኛ ውጪ በሌላ ቋንቋ የተሠራ ፊልም ይህን ሽልማት አንድም ጊዜ ወስዶ አያውቅም ነበር። ብዙ ገማቾች የጠበቁት የሳም ሜንደስን የጦርነት ፊልም «1917»ን ነው። ደግሞ ዝም ብለው አልነበረም የገመቱት፤ «1917» ጎልደን ግሎብን፣ የብሪታንያውን ባፍታን፣ የፕሮዲውሰሮች ማህበርንና የዳይሬክተሮች ማህበርን ሽልማት ሰብስቦ ነው ወደ ኦስካር የመጣው።

ታዲያ ገማቾቹ ምን አመለጣቸው? ጥያቄው የፊልም ወዳጆችን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስላችሁ። የአየር ጠባይ ትንበያም፣ የምርጫ ትንበያም፣ ስልካችን ውስጥ ያሉት ብልህ ፕሮግራሞችም የሚሠሩት ያለፈውን አይተው የሚመጣውን በመገመት ነው። ኦስካር ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው፦ የውድድሩ ሕግ ይታወቃል፣ መልሱ በየዓመቱ ይወጣል፣ ብንሳሳትም የሚጎዳ ሰው የለም።

መጀመሪያ፦ መራጩ ማነው?

አብዛኛው ሰው ሲገምት «የትኛው ፊልም ይበልጣል?» ብሎ ይጀምራል። ይሄ ደስ የሚል ክርክር ነው፤ ለትንበያ ግን ብዙ አይጠቅምም። ትክክለኛው ጥያቄ «ድምፅ የሚሰጡት ሰዎች ምን ይመርጣሉ?» የሚለው ነው።

ኦስካርን የሚሰጠው በ1927 የተቋቋመው የአሜሪካ የፊልም ጥበብና ሳይንስ አካዳሚ ነው። ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ድምፅ ሰጪ አባላት አሉት፤ ተዋንያን፣ ዳይሬክተሮች፣ ጸሐፊዎች፣ የፊልም አርታኢዎች፣ የድምፅ ባለሙያዎች፣ የሙዚቃ ደራሲዎች። ድምፁ ምስጢር ነው። እየዞርን «ማንን መረጥክ?» ብለን ልንጠይቃቸው አንችልም።

እዚህ ላይ ስታቲስቲክስ ይገባል። ወጡ ጨው እንዳለው ለማወቅ ድስቱን ሙሉ መብላት አያስፈልግም፤ ማማሰያውን ቀመስ ማድረግ ይበቃል። ናሙና የምንለው ይህን ነው። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ የቀመስነው ከዚያው ድስት መሆን አለበት። የጎረቤትን ወጥ ቀምሰን ስለ ራሳችን ወጥ መናገር አንችልም።

ከዚያው ድስት የተቀመሰ

ከኦስካር በፊት ባሉት ሳምንታት ሌሎች ብዙ ሽልማቶች ይሰጣሉ። ሁሉም ግን እኩል መረጃ አይሰጡም። የጎልደን ግሎብ ድምፅ ሰጪዎች ጋዜጠኞች ናቸው፤ በጋዜጠኝነታቸው የአካዳሚው መራጭ አይሆኑም። የሙያ ማህበራት ሽልማት ግን የተለየ ነው። በአሜሪካ የዳይሬክተሮች ማህበር ውስጥ ድምፅ ከሚሰጡት መካከል አካዳሚውም ውስጥ ድምፅ የሚሰጡ አሉ። ከዚያው ድስት የተቀመሰ ማለት ይሄኔ ነው።

ቁጥሩን እንየው። የዳይሬክተሮች ማህበር ሽልማቱን መስጠት የጀመረው በ1948 ነው። ከዚያ ጊዜ አንስቶ እስከ 2025ቱ ኦስካር ድረስ፣ የማህበሩ አሸናፊና የኦስካሩ ምርጥ ዳይሬክተር የተለያዩት 8 ጊዜ ብቻ ነው። በግምት ከ10 ዓመት 9ኙን ይገጥማል ማለት ነው። ስለ ፊልም ምንም የማያውቅ ሰው ይህንን አንድ መረጃ ብቻ ይዞ ከብዙ ተንታኝ የተሻለ ሊገምት ይችላል።

እንዲህም ሆኖ ቁጥሩን በጭፍን መከተል አያዋጣም። በ2013 የማህበሩን ሽልማት የወሰደው ቤን አፍሌክ ነበር፤ «አርጎ» በተባለው ፊልሙ። ታዲያ በኦስካር የምርጥ ዳይሬክተርነት ዕድሉ 90 በመቶ ነበር? በፍጹም። አካዳሚው በዚያ ዘርፍ ዕጩ እንኳ አላደረገውም፤ ስለዚህ ዕድሉ ዜሮ ነበር። ሽልማቱን የወሰደው አንግ ሊ ነው። አዲስ መረጃ ሲመጣ የድሮው ቁጥር መስተካከል አለበት። በሳይንስ ቋንቋ ይህ የቤይዝ አስተሳሰብ ይባላል፦ መነሻ ግምት ያዝ፣ አዲስ ነገር ስትሰማ አሻሽለው።

ሁለተኛ፦ ድምፁ እንዴት ይቆጠራል?

በአብዛኞቹ የኦስካር ዘርፎች ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ በቃ። ምርጥ ፊልም ግን ከ2010ሩ ሥነ ሥርዓት ጀምሮ በሌላ መንገድ ነው የሚቆጠረው። መራጩ አንድ ፊልም ብቻ መርጦ አይተውም፤ ዕጩዎቹን ከ1ኛ ጀምሮ በደረጃ ያስቀምጣል።

እስቲ በምሳሌ እንየው። 100 መራጮችና ሦስት ፊልሞች አሉ እንበል፦ ሀ፣ ለ እና ሐ። በ1ኛ ደረጃ ሀ 40፣ ለ 35፣ ሐ 25 ድምፅ አገኙ። ሀ እየመራ ነው፤ ግን ከግማሽ በላይ አላገኘም። ስለዚህ የመጨረሻው ሐ ይወጣል፤ የእሱ 25 ድምፆችም መራጮቹ 2ኛ ወዳሉት ፊልም ይሄዳሉ። ከ25ቱ 20ዎቹ 2ኛ ያሉት ለን፣ 5ቱ ደግሞ ሀን ቢሆንስ? ሀ 45፣ ለ 55 ይሆናሉ። መጀመሪያ ሲመራ የነበረው ተሸነፈ!

ምን እንማራለን? በዚህ አቆጣጠር ጥቂቶች አጥብቀው የሚወዱት፣ ሌሎች ግን የማይፈልጉት ፊልም ይቸገራል። ብዙ ሰው 2ኛ ወይም 3ኛ የሚያደርገው ፊልም ደግሞ ከኋላ ተነስቶ ሊያሸንፍ ይችላል።

የፕሮዲውሰሮች ማህበርም ለዋናው ሽልማቱ የሚጠቀመው ይህንኑ አቆጣጠር ነው። ከ2010 እስከ 2025 ባሉት 16 ሥነ ሥርዓቶች ማህበሩ የሸለመው ፊልም 13 ጊዜ ኦስካርንም ወስዷል (አንዱን ዓመት ማህበሩ ሁለት ፊልሞችን እኩል ሸልሞ ነው)። ያልገጠመው በ2016፣ በ2017 እና በ2020 ነው። የ2017ቱን ብዙ ሰው ያስታውሰዋል፤ በተሳሳተ ፖስታ ምክንያት «ላ ላ ላንድ» አሸነፈ ተብሎ ከተነገረ በኋላ እውነተኛው አሸናፊ «ሙንላይት» መሆኑ መድረክ ላይ የተገለጠበት ዓመት ነው።

«ሆኖ አያውቅም» የሚባለው ወጥመድ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ምርጥ ፊልም በዓመት አንድ ብቻ ነው። ከ1929 ጀምሮ ያለውን ሁሉ ብንሰበስብ እንኳ መቶ አሸናፊ አይሞላም። እንዲህ ባለ ትንሽ ዳታ ውስጥ «ሕግ» የሚመስል ነገር ማግኘት በጣም ቀላል ነው።

ለምሳሌ ከ1981 ጀምሮ ለሠሩት ፊልሞች በተሰጡት ሽልማቶች፣ ለአርትዖት ዘርፍ ሳይታጭ ምርጥ ፊልም የሆነ ለሦስት አሥርት ዓመታት አልተገኘም። ተንታኞች እንደ ብረት ሕግ ቆጠሩት። በ2015 «በርድማን» መጣና ሰበረው። በ2022 ደግሞ «ኮዳ» ለአርትዖትም ለዳይሬክተርም ሳይታጭ፣ በጠቅላላው 3 ዕጩነት ብቻ ይዞ፣ 12 ዕጩነት የነበረውን «ዘ ፓወር ኦፍ ዘ ዶግ»ን አሸነፈ።

ሁለተኛው ችግር መራጩ ራሱ መለወጡ ነው። በ2015 እና በ2016 ሃያዎቹም የትወና ዕጩዎች ነጮች በመሆናቸው በአካዳሚው ላይ ትልቅ ተቃውሞ ተነሳ። አካዳሚው የሴቶችንና ነጭ ያልሆኑ አባላትን ቁጥር እጥፍ ለማድረግ ቃል ገባ፤ ከአሜሪካ ውጪ ያሉ ብዙ ባለሙያዎችንም አባል አድርጎ ጋበዘ። ስለዚህ በ2020 ድምፅ የሰጡት ሰዎች በ1990ዎቹ ድምፅ ከሰጡት ጋር አንድ አልነበሩም። ድስቱ ውስጥ ያለው ወጥ ተለውጧል፤ ገማቹ ግን የድሮውን ጣዕም ይዞ ነው የሚናገረው።

እንግዲህ «ፓራሳይት»ን በዚህ ዓይን እንየው። ካለፈው ብቻ የተማረ ሞዴል «91 ጊዜ አልሆነም፤ ዕድሉ ዜሮ ነው» ይላል። ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ላፕላስ ግን ለዚህ ቀላል መድኃኒት ትቶልናል፦ ነገሩ በሆነበት ጊዜ ብዛት ላይ 1፣ በጠቅላላው ሙከራ ላይ 2 ጨምር። እናም 0 ለ91 የነበረው 1 ለ93 ይሆናል፤ 1 በመቶ ገደማ። ትንሽ ናት፤ ግን ዜሮ አይደለችም። ከዜሮ የተነሳ ግምት ምንም ማስረጃ ቢመጣ አያድግም፤ ከ1 በመቶ የተነሳ ግን ያድጋል። ማስረጃው ደግሞ መጥቶ ነበር፦ «ፓራሳይት» በዚያው ሰሞን የተዋንያን ማህበርን የቡድን ትወና ሽልማትና የጸሐፊዎች ማህበርን ሽልማት ወስዷል። ሁለቱም ከዚያው ድስት ናቸው። ዕድሉን ከፍ አድርጎ፣ «1917 ይመራል፤ ይሄኛው ግን ቅርብ ነው» ማለት ይቻል ነበር።

ጎበዝ ገማች ማነው?

ብዙ ሰው «ሁሌ የሚያውቅ» ይላል። እስቲ እናስላ። በ20 ዘርፎች ገመታችሁ፣ በእያንዳንዱም ትክክል የመሆን ዕድላችሁ 80 በመቶ ነው እንበል። በአማካይ 16ቱን ታገኛላችሁ። 20ውንም የማግኘት ዕድላችሁ ግን 0.8ን ለ20 ጊዜ በራሱ ማባዛት ነው፤ 1 በመቶ ገደማ። ጎበዝ ገማችም በየዓመቱ ይሳሳታል። እንዲያውም ሁሉን አውቃለሁ የሚለውን ነው መጠርጠር።

ታዲያ በምን እንለካ? በ1950 ግሌን ብራየር የተባለ አሜሪካዊ የአየር ጠባይ ባለሙያ ጥሩ መለኪያ አቀረበ። ሀና «1917 በ95 በመቶ ያሸንፋል»፣ ዮናስ ደግሞ «በ60 በመቶ» አሉ እንበል። ፊልሙ ሲሸነፍ ስህተታቸውን በራሱ እናባዛለን፦ የሀና 0.95 በ0.95፣ ማለትም 0.90 ገደማ፤ የዮናስ 0.6 በ0.6፣ ማለትም 0.36። ነጥቡ ሲያንስ ይሻላል። ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ሀና ግን ያለ በቂ ማስረጃ እርግጠኛ ስለሆነች ቅጣቷ ከእጥፍ በላይ ነው። ፊልሙ ቢያሸንፍ ኖሮ በተቃራኒው እሷ ትሻል ነበር፤ 0.0025 ለ0.16። መለኪያው ደፋርን አይጠላም፤ ማስረጃ የሌለውን ድፍረት ነው የሚቀጣው።

ይህ ከፊልም አልፎ ይጠቅማችኋል። አንድ ሰው «ይሄ ጨዋታ እርግጠኛ ነው፣ ብርህን አስይዝ» ሲላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ስንት በመቶ? ከየት ባገኘኸው መረጃ? እስከዛሬ የገመትከውን ሁሉ፣ የተሳሳትከውንም ጨምሮ፣ የጻፍክበት አለ? መልስ ካጣ ትንበያ ሳይሆን ወሬ ነው የያዘው።

መሞከር ከፈለጋችሁ በሚቀጥለው የኦስካር ሰሞን ከጓደኞቻችሁ ጋር አምስት ዘርፎችን ምረጡ። ለየዘርፉ የምትጠብቁትን አሸናፊና ዕድሉን በቁጥር ጻፉ፤ የማህበራቱ ሽልማት በወጣ ቁጥር አስተካክሉ፤ ቀኑንም አትርሱ። ሥነ ሥርዓቱ በአዲስ አበባ ሰዓት ሌሊት ላይ ስለሚውል እንቅልፋችሁን አትሰዉ፤ ጠዋት ውጤቱን አይታችሁ የብራየርን ነጥብ አስሉ። በተለይ «ሆኖ አያውቅም» ብላችሁ ዜሮ የሰጣችሁትን ፊልም ፈልጉና ለምን እንደሆነ ተወያዩበት።