ቮልስ፦ ውሃ የሌለው ሞተርና ያልተዘመረለት አየር

መኪና የሚወዱ ሰዎች አቅማቸው ከፈቀደ በአንድ ተሽከርካሪ ብቻ አይወሰኑም፤ አንዱን ለሥራ፣ ለትምህርት ቤትና ለገበያ ሲመላለሱበት ሌላውን የሚያቆዩት ስለሚወዱት ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ይህን ሁለተኛ ስፍራ ካገኙት ተሽከርካሪዎች አንዱ በአገሬው አጠራር ቮልስ የሚባለው ቮልስዋገን ቢትል ሲሆን፣ በሥራ ቀናት ቶዮታ ወይም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የሚያሽከረክር ባለቤት በዕረፍት ቀኑ ከግቢ የሚያወጣው፣ አጥቦና ወልውሎ የሚነዳው ይህንኑ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ጠንቅቆ ማወቅ ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያነት ያለፈ ቁም ነገር ሆኗል።

ታሪኩ በሰፊው የታወቀ ስለሆነ ጥቂት ቃል ይበቃዋል። ንድፉን ፌርዲናንድ ፖርሸ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በናዚ ጀርመን አወጣ፤ ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካው በእንግሊዛዊው ሜጀር አይቫን ኸርስት አስተዳደር ሥር በ1945 መጨረሻ ለሲቪል አገልግሎት ማምረት ጀመረ፤ በየካቲት 1972 በምርት ብዛት ፎርድ ሞዴል ቲን በለጠ፤ የመጨረሻው ቢትል በሐምሌ 2003 በሜክሲኮ በምትገኘው በፑዌብላ ከተማ ሲወጣ አጠቃላይ ምርቱ ከ21 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊነገርለት የሚገባውና ብዙውን ጊዜ የሚዘለለው የሞተሩ ማቀዝቀዣ ነው። በባለቤቶች ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ አባባል አለ፤ ቮልስ ውሃና ራዲያተር ስለሌለው ማቀዝቀዣ የሌለው ቀላል ሞተር ነው፣ መኪናው ሲሄድ የሚመታው ነፋስ ይበቃዋል ይባላል። ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው። ሞተሩ ከኋላ ተሸሽጎ የተቀመጠ በመሆኑ የጉዞ ነፋስ በቀጥታ አይደርስበትም፤ የሚያቀዝቅዘው በዲናሞው ዘንግ ላይ ተገጥሞ ከሞተሩ ፍጥነት ሁለት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት የሚሽከረከር ፋን ነው። ፋኑ ከኋላ መስኮት ሥር ባሉት ቀዳዳዎች በኩል ንጹሕ አየር ስቦ ወደ አራቱ ሲሊንደሮች ቁልቁል ይገፋል፤ አየሩም በሲሊንደሮቹና በቴስታታዎቹ፣ ማለትም ቫልቮላዎቹን በያዙት የአሉሚኒየም ራሶች ላይ በተደረደሩት ቀጫጭን ክንፎች መካከል አልፎ ሙቀቱን ይዞ ከመኪናው ሥር ይወጣል። መኪናው መንገድ ተዘግቶበት ቆሞም ቢሆን ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ይህ አየር አይቋረጥም።

ፋኑን የሚያዞረው ቺንጋ፣ ማለትም የጎማ ቀበቶው፣ ዲናሞውንም የሚያዞረው እሱው በመሆኑ ሲበጠስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቆማሉ። በዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው ቀይ የዲናሞ መብራት በሌሎች መኪኖች በአብዛኛው ባትሪው እየተሞላ አለመሆኑን ስትናገር፣ በቮልስ ግን ሞተሩ አየር አጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መብራቷ ስትበራ ቤት እስኪደረስ ልንዳ የሚል አሽከርካሪ ሞተሩን በገዛ እጁ እያነደደ ነውና ወዲያው ጥግ ይዞ ሊያቆም ይገባዋል።

አየሩ ወደሚፈለግበት እንዲሄድ የሚያስገድዱት በሞተሩ ዙሪያ የተገጠሙት ላሜራዎች፣ ማለትም የብረት ቆርቆሮ ሽፋኖች ናቸው። እነዚህ ላሜራዎችና በሞተሩ ክፍል ጠርዝ ዙሪያ የሚዞረው የጎማ ማኅተም ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከታች ካለው የማርሚታና የቴስታታ ትኩሳት ይለያሉ። ሞተር በወረደ ቁጥር ከነዚህ ሽፋኖች አንዱ እንደ ትርፍ ነገር በጋራዥ ጥግ ሲጣል፣ የደረቀው ጎማም ሳይተካ ሲቀር፣ ፋኑ ሞተሩ አንድ ጊዜ ያሞቀውን አየር መልሶ ይስባል፤ ውጤቱም ቀስ በቀስ የሚመጣ እንጂ በዚያው ቀን የሚታይ ስላልሆነ ጥፋቱ በዘይቱ ወይም በመለዋወጫው ይሳበባል። ቮልስ ወዳጅ ነኝ የሚል ሰው የመኪናውን ኒኬል እያብለጨለጨ የሞተሩን ላሜራ የሚያስጥል ከሆነ ፍቅሩ ከቆዳ አላለፈም።

ከሚጣሉት ነገሮች ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ቴርሞስታቱ ነው። በቀኝ በኩል ከሲሊንደሮቹ ሥር የተቀመጠው ይህ ዕቃ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የብረት ሳጥን ሲሆን፣ በአካባቢው ያለው ሙቀት ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ተዘርግቶ በዘንግ አማካይነት በፋኑ ቤት ውስጥ ያሉትን የአየር በሮች ይከፍታል። ብዙ መካኒኮች በሮቹ ተዘግተው ሞተሩ ይቃጠላል በሚል ስጋት ያወጡታል። ሆኖም መሐንዲሶቹ ይህን አስቀድመው አስበውበታል፤ ሳጥኑ ቢቀደድ ተዘርግቶ ይቀራል እንጂ አይኮማተርም፣ በሮቹም ክፍት ሆነው ይቆያሉ። ቴርሞስታት የሌለው ቮልስ በአዲስ አበባ ብርዳማ ጠዋት ለመሞቅ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድበት፣ ዘይቱ ወፍሮ ነዳጁም በደንብ ሳይቃጠል የሚሄድባቸው ኪሎ ሜትሮች ይበዛሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን ለአጭር መንገድ ብቻ የሚነሣ ሁለተኛ መኪና ደግሞ ዕድሜውን የሚጨርሰው በአብዛኛው በዚህ ቅዝቃዜ ውስጥ ነው።

ንድፉ እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። በቀድሞዎቹ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው በፋኑ ቤት ውስጥ፣ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚወርደው አየር መንገድ ላይ ተቀምጦ ስለነበር ይህ ሲሊንደር ከሌሎቹ የበለጠ ይሞቃል፤ የተቃጠለ ቫልቮላም ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ፋብሪካው ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ወደ ውጭ አውጥቶ የራሱ መተንፈሻ ስለሰጠው፣ አሮጌ ሞተር የሚያድስ ባለቤት ይህን የኋለኛውን ዓይነት ማቀዝቀዣ ፈልጎ ቢያስገጥም ወጪው አይባክንም።

ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። በአዲስ አበባ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ በመሆኑ፣ ካርቡራተሩ ብዙ ነዳጅ ከጥቂት አየር ጋር እንዳይቀላቅል ነዳጅ የሚያሳልፈው ቀዳዳ ይጠባል። በዚህ መልክ የተስተካከለ መኪና ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ቆላ ሲወርድ ግን ድብልቁ ነዳጅ ያንሰውና ሞተሩ ከልክ በላይ ይሞቃል። አባይ በረሃን ወጥቶ ደጀን ለመድረስ የሚታገል አሽከርካሪም ሌላ ነገር ሊያስታውስ ይገባዋል፤ ፋኑ ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር በከፍተኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ቮልስ ብዙ ሙቀትና ጥቂት አየር ያገኛል። ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ማፍጠን ብዙዎች እንደሚያምኑት ማስጨነቅ ሳይሆን ማስተንፈስ ነው።

ዘይቱ በጠቅላላው 2.5 ሊትር ብቻ በመሆኑና እንደ ሌሎች መኪኖች የሚቀየር ፊልትሮ ስለሌለው በወቅቱ መቀየር ግድ ይላል፤ የቫልቮላ ክፍተቱም ሞተሩ ፍጹም ሲበርድ ይለካል። ቆሞ የሚከርም ቮልስ ያለው ሰው ደግሞ የቤንዚን ጎማዎቹን ሳይዘገይ ይቀይር፤ የሚያፈስ ጎማ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፣ የሞተሩ አካልም በአብዛኛው ማግኒዥየም የተባለ ብረት ስለሆነ አንዴ በእሳት ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ቮልስ ለመግዛት የሚያስብ አንባቢ እንግዲህ ከቀለሙና ከወንበሩ በፊት የኋላውን ኮፈን ከፍቶ ላሜራዎቹ ሙሉ መሆናቸውን፣ የጎማ ማኅተሙ አለመጉደሉን፣ ከመኪናው ሥርም ቴርሞስታቱ በቦታው መኖሩን ይመርምር፤ ጎድለው ካገኛቸውም ሌላ ወጪ ከማውጣቱ በፊት እነሱን ያሟላ።