ፍርሃትን በጣት መታ መታ በማድረግ ማሸነፍ ይቻላልን?

አንዱ መርፌ ሲያይ ይዝለፈለፋል፤ ሌላው የአዋሽን ድልድይ በአውቶቡስ መሻገር ያቅተዋል፤ ሌላዋ ደግሞ ውሻ ስለምትፈራ ገበያ ለመድረስ ሰፈሩን ሁሉ ትዞራለች። በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን «ፈሪ ነው» ወይም «እምነቱ ጎደለ» እንዳይባል ጭንቀቱን በልቡ ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ልናብራራ ወደድን።

በመጀመሪያ፣ ፍርሃት ሁሉ ሕመም አይደለም። በቆቃ ሐይቅ አዞና ጉማሬ ስላለ ከዳርቻው የሚርቅ ሰው አስተዋይ ነው። ፍርሃቱ ከአደጋው በእጅጉ ሲበልጥና ሰውን ከሥራውና ከሕክምናው ሲያግደው ግን ባለሙያዎች ፎቢያ ይሉታል።

መታ መታ የማድረግን ዘዴ የጀመረው ሮጀር ካላሃን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ውሃ የምትፈራ አንዲት ታካሚው ከዓይኗ ሥር መታ መታ ሲደረግላት ፍርሃቷ እንደ ለቀቃት ተናገረ። በ1990ዎቹ ጋሪ ክሬግ ዘዴውን አቃለለው።

አሠራሩ ይህ ነው። ሰውየው የሚፈራውን ነገር እያሰበ የፍርሃቱን መጠን ከ0 እስከ 10 ይገምታል። የመዳፉን ጠርዝ መታ መታ እያደረገም «ይህ ፍርሃት ቢኖርብኝም ራሴን እቀበላለሁ» ይላል። ከዚያም የቅንድቡን መጀመሪያ፣ የዓይኑን ጎን፣ ከዓይኑ ሥር፣ ከአፍንጫው ሥር፣ አገጩን፣ የደረቱን ላይኛ ክፍል፣ ከብብቱ በታችና አናቱን በጣቱ ሰባት ሰባት ጊዜ ያህል በቀስታ ይመታል። በመጨረሻም ፍርሃቱን እንደገና ይለካል።

ይህ ነገር ይሠራልን? አስተማሪዎቹ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር ኃይል ይስተካከላል ይላሉ፤ ሐሳቡም ከጥንታዊው የቻይና ሕክምና የመጣ ነው። ሳይንስ ግን ይህን አላረጋገጠም። እ.ኤ.አ. በ2003 ዌይትና ሆልደር ባሳተሙት ጥናት አንዱ ቡድን የተባሉትን ቦታዎች፣ ሌላው ክንዱን፣ ሦስተኛው አሻንጉሊት መታ መታ አደረገ። የሦስቱም ፍርሃት ቀነሰ፤ ምንም ያላደረጉት ግን አልቀነሰላቸውም። እንግዲህ ምሥጢሩ በቦታው አይደለም። የሚጠቅመው የሚፈሩትን ነገር ሳይሸሹ በእርጋታ ማሰቡ ይመስላል። ስለሆነም ለዚህ «ምሥጢር» ብዙ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

ይበልጥ የተመሰከረለት መንገድ የሚፈሩትን ጥቂት በጥቂት መልመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ ጥንቸል የሚፈራ አንድ ሕፃን እየበላ ሳለ ጥንቸሉን ቀስ በቀስ በማቅረብ ፍርሃቱን አስለቀቀችው። ውሻ የሚፈራም መጀመሪያ ሥዕሉን ይይ፤ ቀጥሎ የታሰረ፣ የተከተበ ውሻ ከሩቅ ይመልከት፤ ልቡ ሲረጋጋ አንድ እርምጃ ይቅረብ። ሰው ግን በግድ አይገፋ፤ አይሳቅበትም።

መርፌ የሚፈራ የተለየ ምክር አለው። ብዙዎቹ የደም ግፊታቸው ወርዶ ስለሚዝለፈለፉ፣ መዝናናት ብቻ አይበቃቸውም። የስዊድኑ ላርስ ጎራን ኦስት ያስተማረው ዘዴ የክንድን፣ የእግርንና የሆድን ጡንቻ ፊት እስኪሞቅ ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ማጥበቅ፣ ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ማላላት፣ ይህንም አምስት ጊዜ መደጋገም ነው። መርፌ የሚወጋው ክንድ ግን ይላላ። ክትባት የምትሸሽ እናት ወይም ኢንሱሊን የሚፈራ የስኳር በሽተኛ ይህን ቢማር ሕይወቱን ሊያተርፍ ይችላል።

በመጨረሻ አደራ የምንለው ይህን ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ መታ መታ ማድረግ ክትባትን አይተካም። ፍርሃቱ እንቅልፍ የነሳው፣ ወይም ከጦርነትና ከከባድ አደጋ የመጣበት ሰውም ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ይልከዋል። እኛም የፈራ ወንድማችንንና እህታችንን ሳንንቅ፣ እጃቸውን ይዘን አብረናቸው እንሂድ።